ለክረምት ጉዞ ቀላል ጓንት እንዴት እንምረጥ?



በካርቱም ተቀምጦ ስለ ጓንት የሚጽፍ ሰው ሥራ የፈታ ሊመስል ይችላል። በግንቦት ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ በጥር ሌሊት 15 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ሰው ሁሉ ጃኬት ፍለጋ ቁም ሣጥን በሚበረብርበት ከተማ ጓንት ምን ያደርጋል? እዚህ የምናየው ሴቶች እጃቸውን ከፀሐይ ለመከላከል የሚያጠልቁት ስስ ጓንት፣ ግንበኞች ጡብ የሚያነሱበትና እናቶች ዕቃ የሚያጥቡበት ነው። ከዚያ የዘለለ የለም።

ነገር ግን በየዓመቱ ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ብዙዎቻችን ወደ አገር ቤት እንነሣለን። በገዳሪፍ፣ በገላባትና በመተማ አድርገን፣ ሸኸዲንና አይከልን አልፈን ጎንደር እንገባለን። አንዳንዶቻችንም ከጎንደር ተነሥተን ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች እንወጣለን። ወቅቱ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ካርቱም ተወልዶ ያደገ ልጅ ብርድን የሚያውቀው ከማቀዝቀዣ በር ፊት ሲቆም ነው። ይህ ልጅ በጉም መሐል፣ ካፊያው ሳያቋርጥ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ እንዲሄድ ይደረጋል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ጓንት ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

የሰጠሁት የተሳሳተ ምክር

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት በትምህርት መዝጊያ ሰሞን ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አያቱን ሊጠይቅ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር ሊሄድ ነው። እኔ የዚያ አገር ሰው መሆኔን ስለሚያውቁ፣ «ጋሼ፣ ለብርዱ ምን ልግዛለት?» ብለው ጠየቁኝ። ጃኬት፣ ቆብ፣ ካልሲ ብዬ ዘረዘርኩ። «ጓንትስ?» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «ወፍራም ይሁን እንጂ የትኛውም ይሆናል፤ ደግሞ መንገድ ላይ እንዳያወልቅ ይምከሩት» አልኳቸው። በማግስቱ ገዝተው አሳዩኝ። ወፍራም የጥጥ ጓንት ነበር፤ ጨበጥ አድርጌ አይቼ፣ «በጣም ጥሩ ነው» ብዬ አጸደቅሁ።

ልጁ ከደባርቅ ወደ መንደሩ የሄደው በካፊያ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ጓንቱ ረጠበ፤ በሁለተኛው ሰዓት ውሃ ጠጥቶ ከበደ። እሱ ግን ርዕሰ መምህሩ አታውልቅ ብለዋል ተብሎ ተነግሮታልና አላወለቀም። አያቱ ቤት ሲደርስ የጫማውን ክር መፍታት አቃተው። አያቱ ጓንቱን ገፈው ጣሉና እጆቹን በብብታቸው ሥር አስገብተው፣ ጋቢ ደርበው፣ እሳት ዳር ሳይሆን ራቅ አድርገው አስቀመጡት። ልጁ ዳነ። ሆኖም ጣቶቹ ቀልተው አብጠው ለሳምንታት ሲያሳክኩት ቆዩ። ትምህርት ሲከፈት እስክሪብቶ በደንብ መያዝ አልቻለም ነበር። ጠርቼ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ወፍራሙ ይሻላል ስላሉ አላወለቅሁትም» አለኝ። በወቀሳ አልነበረም የተናገረው። የነገሩትን የፈጸመ ተማሪ እንደሚናገር ነበር የተናገረው። እኔን የከበደኝም ይኸው ነው።

እኔ ራሴ በልጅነቴ በዚያው አገር ትምህርት ቤት የሄድኩት እጄን በብብቴ ሸጉጬ ነው። ጓንት የሚባል ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ ብርዱን አውቀዋለሁ፤ ጓንቱን ግን አላውቀውም ነበር። የማያውቁትን ነገር በሚያውቁት ነገር ልክ መናገር የአስተማሪ ትልቁ ፈተና ነው። ከዚያ ወዲህ ጠይቄና ሞክሬ የተረዳሁትን እነሆ።

እርጥብ ጓንት የእጅ ዚር ነው

ጓንት ሙቀት አይሠራም። ሙቀት የሚሠራው ሰውነታችን ነው፤ ወደ እጅ የሚያደርሰው ደግሞ ደም ነው። የጓንት ሥራ ያንን ሙቀት ማቆየት ብቻ ነው። የሚያቆየውም ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በክሮቹ መካከል ታስሮ የቀረው አየር ነው። የማይንቀሳቀስ ደረቅ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ወፍራም ጓንት ከስስ ጓንት የሚሞቀው ብዙ አየር ስለሚይዝ ነው።

አሁን ዝናብ ይምጣ። ውሃ በክሮቹ መካከል ይገባና አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ወደ 25 ጊዜ እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ያሳልፋል። ስለዚህ ወፍራሙ ጓንት መወፈሩ ዋጋ ያጣል። እንዲያውም ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ወፍራምነቱ ጉዳት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳት መትነን ነው። ይህን ለካርቱም ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። በየመንገዱ ዳር ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጠውን ዚር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሸክላው ውሃ ያለ ኤሌክትሪክ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ግድግዳ አልፎ የወጣው እርጥበት ሲተን ከውስጡ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ቤታችን ውስጥ ያለው የውሃ ሙከይፍም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እርጥብ ጓንትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ልዩነቱ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሳይሆን እጃችንን መሆኑ ነው።

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ግራም ውሃ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ጓንቱ 20 ግራም ውሃ ቢይዝና ሁሉም ቢተን 48,000 ጁል ይሆናል። ይህ ግማሽ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 43 ዲግሪ ገደማ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። በእርግጥ ሙቀቱ ሁሉ ከእጅ አይወሰድም፤ ከፊሉ ከአየሩ ይመጣል። ነገር ግን አንዲት ትንሽ የልጅ እጅ ከዚህ ዕዳ ግማሹንም ቢሆን መክፈል ይከብዳታል።

በዚህ ዓመት በሳይንስ ክበባችን ይህንኑ ሞክረነዋል። አራት እኩል የመስታወት ጠርሙሶች እኩል ሙቅ ውሃ ሞላንባቸው። የመጀመሪያውን ባዶውን ተውነው። ሁለተኛውን ደረቅ የጥጥ ካልሲ አለበስነው። ሦስተኛውን እርጥብ የጥጥ ካልሲ አለበስነው። አራተኛውን እርጥብ ካልሲ አልብሰን በላዩ የፕላስቲክ ከረጢት አጠለቅንበት። ከዚያ ሁሉንም በማራገቢያ ፊት አቆምናቸው። ደረቁ ካልሲ ሙቀቱን ከሁሉም በተሻለ አቆየ። እርጥቡ ካልሲ ግን ምንም ካልለበሰው ጠርሙስ እንኳ ቀድሞ ቀዘቀዘ። አራተኛው፣ እርጥብ ሆኖ ፕላስቲክ የለበሰው፣ ከሦስተኛው ዘግይቶ ነው የቀዘቀዘው። ቴርሞሜትሩን ሲያነብ የነበረው ያ የነገርኳችሁ ልጅ ነበር። ቁጥሮቹን መዝግቦ ሲጨርስ እጆቹን ተመለከተ። እኔም አብሬ ተመለከትኩ።

ከዚህ ሙከራ የምንማረው ዋና ነገር ይህ ነው፦ በእርጥብ ብርድ ጓንት ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ያህል ወፍራም ነው?» ብለን ሳይሆን «ሲረጥብ ምን ይሆናል?» ብለን ነው።

ከካርቱም እስከ ሰሜን ተራሮች

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 380 ሜትር ላይ ትገኛለች። ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ብቻውን ወደ 16 ዲግሪ የሚጠጋ ቅናሽ ያመጣል ማለት ነው። ደመናውና ዝናቡ ሲጨመሩበት በክረምት ጠዋት 10 ዲግሪ አካባቢ ማግኘት የተለመደ ነው።

ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚወጡ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይከፋል። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት የማይመኝ ተማሪ የለንም። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ በክረምት ዝናብ ብቻ ሳይሆን በረዶም ይጥላል፤ ጉሙም ልብስን ሳያስታውቅ ያረጥባል።

አገራችን ሁለት ዓይነት ብርድ እንዳላት ልብ በሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ደረቅ ብርድ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ይለቃል። ለዚህ የተለመደው ወፍራም ጓንት ይበቃል። የክረምቱ ግን እርጥብ ብርድ ነው። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ ብዙ ሊያሳይ ይችላል። ሰው፣ «10 ዲግሪ ምን አላት!» ይላል። ነገር ግን እርጥቡ ብርድ፣ አባቶቻችን እንደሚሉት፣ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ። በጣት ላይ ጉዳት ለማድረስ የግድ በረዶ መሆን አያስፈልገውም፤ ለሰዓታት የቀዘቀዘና የረጠበ ቆዳ ከዜሮ በላይም ይጎዳል።

የጨርቁ ዓይነት

ገበያ ስንወጣ የምናገኛቸውን ጨርቆች አንድ በአንድ እንያቸው።

ጥጥ፦ ለካርቱም ሙቀት ተወዳዳሪ የለውም፤ ምክንያቱም ላብን ጠጥቶ ያቀዘቅዛል። ለእርጥብ ብርድ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ይይዛል፤ ቶሎም አይደርቅም።

ሱፍ፦ የሱፍ ክር የራሱን ክብደት ሢሶ ያህል እርጥበት ወደ ውስጡ ወስዶ እንኳ በእጅ ላይ እርጥብ ሆኖ አይሰማም። ሲረጥብም እንደ ጥጥ ተጣብቆ አይተኛም፤ ክሩ ጠቅለል ያለ ስለሆነ አየር ይይዛል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና፣ ደገኛው የሚደርበውን በርኖስ አስቡ። አባቶቻችን የሱፍን ጠባይ ያወቁት ያለ ላቦራቶሪ ነው። ጉድለቱ ሲረጥብ መክበዱና ለመድረቅ ጊዜ መፈለጉ ነው።

ፖሊስተር፦ በተለይ እንደ ብርድ ልብስ ለስላሳ የሆነው፣ ነጋዴዎች ፍሊስ የሚሉት ቀላል ነው። ክሩ ራሱ ውሃ አይጠጣም፤ ጨምቃችሁ ብታራግፉት ብዙው ውሃ ይወጣል፤ ቶሎም ይደርቃል። ነፋስ ግን ያሳልፋል። አክሪሊክም ጠባዩ ከዚህ ይቀራረባል፤ ብዙ ጊዜ ሱፍ ተብሎ የሚሸጠው እሱ ነው።

ቆዳ፦ ነፋስ ይከላከላል፣ ገመድና ዱላ ለመያዝም ያመቻል። ዝናብ ከጠጣ ግን ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለሙሉ ቀን ዝናብ አይሆንም።

ጎማ፦ ውሃ ፈጽሞ አያስገባም። ብቻውን ግን አያሞቅም፤ ላብንም አያስወጣም።

ሱፍ ነው ተብሎ የተሸጠላችሁ ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከስፌቱ ጫፍ አንዲት ክር ቆርጣችሁ በክብሪት አቃጥሉ፤ ይህን የሚያደርገው አዋቂ ሰው ይሁን። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል፣ የሚቀረው አመድ በጣት ሲፈጭ ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ቀልጠው ጠንካራ ዶቃ ይሠራሉ።

አንድ ወፍራም ወይስ ሁለት ስስ?

ለእርጥብ ብርድ የሚሻለው አንድ ወፍራም ጓንት ሳይሆን የሁለት ስስ ነገሮች ቅንጅት ነው። ከውስጥ የሚሞቅ ስስ የሱፍ ወይም የፍሊስ ጓንት፤ ከላይ ውሃና ነፋስ የማያስገባ፣ ሰፋ ያለ ስስ መሸፈኛ። የሙከራችንን አራተኛ ጠርሙስ አስታውሱ። የላይኛው ዝናቡን ይከለክላል፣ መትነኑንም ያቆማል፤ የውስጠኛው አየር ይይዛል። ዝናቡ ሲያባራ የላይኛውን አውልቆ ኪስ መክተት ይቻላል። የውስጠኛው ላብ ካረጠበው በሌላ ይተካል። አንዱ ወፍራም ጓንት ግን ከረጠበ መላው ጠፋ ማለት ነው።

ሁለቱ አንድ ላይ ተሰፍተው፣ መሐላቸው ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ገብቶባቸው የሚሸጡ ውድ ጓንቶችም አሉ። ጥሩዎቹ በእርግጥ ይሠራሉ። ነገር ግን የላይኛው ጨርቃቸው ውሃ ከጠጣ በኋላ ላቡ መውጫ ያጣል፤ ውስጣቸው ከረጠበም ሌሊቱን ሙሉ ቢሰቀሉ ላይደርቁ ይችላሉ። ውድ ነው ማለት ለሁሉ ቦታ ይሆናል ማለት አይደለም።

ታዲያ የላይኛውን መሸፈኛ ከየት እናመጣለን? ብዙ ወጪ የማይጠይቀው መልስ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ዕቃ የሚታጠብበት የጎማ ጓንት። ከእጃችሁ ልክ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ገዝታችሁ በስሱ የሱፍ ጓንት ላይ አጥልቁት። ረጅም አንገት ያለውን ምረጡ። ለዓይን አያምርም፤ ልጆችም መጀመሪያ ይሳቃሉ። ዝናቡ ሲመጣ ግን የሚስቀው ማን እንደሆነ ይታያል። ጎማው ላብ ስለሚያፍን ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ ሁሉ አውልቃችሁ አናፍሱት። እሳት አጠገብ በፍጹም አታድርጉት።

ለውስጠኛው ደግሞ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በካርቱም ገበያ «ሹራብ» ብላችሁ ብትጠይቁ ነጋዴው የእግር ካልሲ ያወጣላችኋል። በእኛ አማርኛ ሹራብ ከላይ የሚለበስ ነው፤ በሱዳን ዓረብኛ ግን ካልሲ ነው። በዚህ ምክንያት ተሳስቶ ካልሲ ታቅፎ ያልተመለሰ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ይህ ስሕተት ግን ለእጅ ይጠቅማል። ወፈር ያለ የሱፍ ካልሲ በእጅ ላይ ሲጠለቅ አራቱ ጣቶች በአንድ ቤት ይኖራሉ። ጣቶች ጎን ለጎን ሲሆኑ እርስ በርስ ይሞቃቃሉ፤ ለብርዱ የሚጋለጠው ገጽም ያንሳል። ለዚህ ነው በጣም በሚበርድባቸው አገሮች ጣቶቹ ያልተለያዩ ጓንት የሚመረጠው። ጓንት የጠፋበት ሰው ካልሲ አለውና እጁን እንዳያስበላ።

ልኩን እንዴት እናውቃለን?

የምንገዛው ጓንት በእጃችን ልክ መሆኑን በአራት ነገር እንፈትን።

አንደኛ፣ አጥልቃችሁ እጃችሁን አጥብቃችሁ ጨብጡ። በጣቶች መካከልና በመዳፉ ጀርባ ላይ ከጠበቀ ትንሽ ነው። ጠባብ ጓንት ሁለት ጉዳት አለው፤ አየሩን ጨፍልቆ ያስወጣል፣ የደሙንም መንገድ ያጠብባል። «ጥብቅ ሲል ይሞቃል» የሚለው አባባል ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ብዙ ትርፍ ጨርቅ እንዳይኖር አረጋግጡ። ለልጅ «ለከርሞም ይሆነዋል» ተብሎ የሚገዛ ትልቅ ጓንት ዕቃ አያስይዝም፤ ልጁም አውልቆ ይጥለዋል።

ሦስተኛ፣ ጓንቱን እንዳጠለቃችሁ ከጠረጴዛ ላይ ሳንቲም አንሡ፤ የጃኬታችሁን ዚፕም ዝጉና ክፈቱ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ መንገድ ላይ በየደቂቃው ማውለቃችሁ አይቀርም። ቀላል ጓንት ከከባድ ጓንት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እጅ ላይ የሚቆይ ጓንት ቦርሳ ውስጥ ከተቀመጠ ጓንት ይበልጣል።

አራተኛ፣ የእጅ አንጓውን እዩ። ላስቲክ ያለው ወይም የሚታሰር ይሁን፤ ነገር ግን ምልክት እስኪያወጣ አይጥበቅ። ስትሄዱ እጃችሁ ወደ ታች ስለሚሆን የዝናብ ልብሱ እጅጌ ከጓንቱ በላይ ይውረድ፤ አለበለዚያ ውሃው በእጅጌው ተንሸራቶ ወደ ጓንቱ ይገባል። ዱላ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሰው ግን በተቃራኒው የጓንቱን አንገት በእጅጌው ላይ ያድርግ።

ውሃ አያስገባም የተባለውን ጓንት እንዲሁ አትመኑ። አፉን ይዛችሁ እንደ ፊኛ ንፉትና ጉንጫችሁ አጠገብ አድርጉት፤ ቀዳዳ ካለው አየሩ ይሰማችኋል። ቤት ከገባችሁ በኋላ ደግሞ እጃችሁን አስገብታችሁ ከቧንቧ ሥር ለጥቂት ደቂቃ ያዙት። ካርቱም ላይ መርጠብ አይጎዳም፤ ጉዱን እዚህ ማወቅ ይሻላል።

ትርፍ ጓንት፣ ቆብና ማድረቂያ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ፦ ከአንድ ውድ ጓንት ሁለት ርካሽ ጓንት ይሻላል። አንዱን አጥልቁ፤ ሌላውን በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ያዙ። የጠለቀው ሲረጥብ አውልቁ፣ ጨምቁ፣ ደረቁን አጥልቁ።

የረጠበውን የት እናደርቀዋለን? በክረምት ደጋ ላይ ፀሐይ አትጠበቅም። እሳት ላይ ከተንጠለጠለ ፖሊስተሩ ይቀልጣል፣ ሱፉ ያርራል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። በደንብ ጨምቃችሁ በሸሚዛችሁና በሹራባችሁ መካከል ብታደርጉት የሰውነታችሁ ሙቀት ቀስ እያለ ያደርቀዋል። ስስ ጓንት በዚህ መንገድ ይደርቃል፤ ወፍራሙ ግን አይደርቅም። ይህም ለቀላል ጓንት ሌላ ምስክር ነው።

እጃችን የሚቀዘቅዘው ሁልጊዜ በጓንት ጉድለት እንዳልሆነም እንወቅ። ሰውነት ሲበርደው መጀመሪያ የሚያድነው ልብን፣ ሳንባንና አንጎልን ነው። ለዚህ ሲል ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ደረቱና ጭንቅላቱ የተራቆተ ልጅ ምንም ዓይነት ጓንት ቢያጠልቅ ጣቱ አይሞቅም። ስለዚህ እጁ ለቀዘቀዘ ልጅ ቆብ አድርጉለት፣ ደረቱን ሸፍኑለት፣ የሚበላም ስጡት። ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከእህል ነውና።

እጅ ሲጎዳ ምን እናድርግ?

ጣቶች ሲደነዝዙ፣ ሲገረጡ ወይም ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታቸው ማስጠንቀቂያው ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ መጠለያ ፈልጉ፤ እርጥቡን ጓንት አውልቁ፤ እጁን በብብት ሥር ወይም በሌላ ሰው ሆድ ላይ አሙቁ። ለብ ያለ ውሃም ይሆናል፤ ሙቀቱን ግን ጤነኛ እጅ ያለው ሰው በክርኑ ይፈትነው። እሳት ላይ አትዘርጉት፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይሰማውም። አትሹትም፤ የቀዘቀዘ ቆዳ በመታሸት ይቆስላል። ጣቱ ነጭ ሆኖ እንደ ሰም ከጠነከረ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከሞቀ በኋላም ስሜቱ ካልተመለሰ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

የዚያ ልጅ አያት ያደረጉት በሙሉ ትክክል እንደነበረ የተረዳሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ከእሳቱ ያራቁት ለምን እንደሆነ ማንም አላስተማራቸውም፤ የደጋ ኑሮ ግን አስተምሯቸዋል።

ሩቅ ለሚሄዱ

ከመካከላችን ከአገር ቤት ይልቅ ወደ ሌላ የሚሄዱ ቤተሰቦችም አሉ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ወገኖቻችን ከሱዳን ተነሥተው በካናዳ፣ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ሰፍረዋል፤ በየዓመቱም ከክፍላችን አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ እናገኛለን። ካናዳ መሐል አገር የሚገቡ ልጆች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም የከፋ ይጠብቃቸዋል። እዚያ ስሱ ጓንት ብቻውን አይበቃም፤ ጣቶቹ ያልተለያዩ ወፍራም ጓንት ከላይ ያስፈልጋል። ሆኖም የውስጠኛው ስስ ጓንት እዚያም ያገለግላል። ቁልፍ ለማውጣት ወይም ዚፕ ለመክፈት ወፍራሙን ሲያወልቁ ባዶ ጣት የቀዘቀዘ ብረት እንዳይነካ ይከላከላል። የበልግና የመኸር ዝናባቸው ደግሞ ከደባርቅ ክረምት ጋር ዘመድ ነው፤ ይህ ጽሑፍ እንዳለ ይሠራበታል።

ለወላጆች በአጭሩ

ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት በልጁ ቦርሳ ውስጥ እነዚህ መኖራቸውን ተመልከቱ፦ ሁለት ጥንድ ስስ የሱፍ ወይም የፍሊስ ጓንት፤ አንድ ጥንድ ሰፊ የጎማ ጓንት ወይም ሌላ ውሃ የማያስገባ መሸፈኛ፤ አንድ የሱፍ ቆብ፤ አንድ ጥንድ ትርፍ የሱፍ ካልሲ፤ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት። እዚህ ካርቱም የጎማውን ጓንት በየሰፈሩ ሱቅ ታገኛላችሁ። የሱፉን ኡምዱርማን ገበያ ወይም ሱቅ ሊቢያ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ጎንደር ስትደርሱ ልባሽ ልብስ ተራ ጠይቁ። ነገር ግን ግዢውን ዝናቡ እስኪጀምር አታቆዩት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዝናብ ላይ የተገዛ ጓንት አይመረጥም።

ከሁሉ በላይ ግን ለልጁ ከጓንቱ ጋር ምክንያቱንም ስጡት። እኔ ለዚያ ልጅ ትእዛዝ ላክሁለት እንጂ ምክንያቱን አልነገርኩትም። ጓንት ለምን እንደሚያሞቅ ቢያውቅ ኖሮ በረጠበ ጊዜ ራሱ ያወልቀው ነበር። ትምህርት ቤት የምንከፍተውም ልጆቻችን እኛ በሌለንበት መንገድ ላይ ራሳቸው እንዲወስኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያ ልጅ ከእናቱ ጋር ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር። ዘንድሮም ወደ አያቱ ይሄዳል። ቦርሳውን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳየኝ። ስሱ የሱፍ ጓንት፣ ሰፊው ቢጫ የጎማ ጓንት፣ በከረጢት የታሰረው ትርፍ። ለአያቱም አንድ ጥንድ ይዟል።

«ጋሼ፣ ከረጠበስ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ከረጠበ አውልቀው» አልኩት።

መልካም የክረምት ዕረፍት! በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱልን።